የመንገድ ትራፊክ የሚገለጽባቸው መሠረታውያን መለኪያዎች፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ ምሳሌነት

መግቢያ

ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማዪቱም እንደ ስሟ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዐባይን ከተሻገረ በኋላ በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያደርሰው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከፍኖተ ሰላም ወደ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ቡሬ ይገኛል። በቡሬም መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል፣ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ዞሮ ዐባይን እንደ ገና በመሻገር ወደ ነቀምት ይሄዳል።

በዚህ መንገድ ዳር ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ብዙ ነገር ያያል። በቆሎ የጫነ ካሚዮን፣ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪ፣ እህል የተጫነ አህያ ያልፋሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ ይበዛል። ይሁን እንጂ ይህን ሰው «በዚህ መንገድ ላይ ምን ያህል ትራፊክ አለ?» ብለን ብንጠይቀው መልሱ ቀላል አይሆንለትም። ምክንያቱም ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ያልፋል? በምን ያህል ፍጥነት ይሄዳል? በአንድ ቅጽበት በመንገዱ ላይ ስንት አለ?

መሐንዲሶች የመጀመሪያውን ፍሰት፣ ሁለተኛውን ፍጥነት፣ ሦስተኛውን ጥግግት ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት መለኪያዎችና ከእነርሱ የሚወጡትን ሌሎች መለኪያዎች ለመግለጽ እንሞክራለን። ዋና አሳባችንም ይህ ነው፤ ሦስቱ ተለይተው ካልታወቁ፣ በዝግታ የሚሄደው መንገደኛ ከሒሳብ ውጭ ይቀራል፤ ከሒሳብ ውጭ የቀረውም መንገዱ ሲሠራ ከፕላኑ ውጭ ይቀራል። ከዚህ በታች በየምሳሌው የምንሰጣቸው ቍጥሮች ለስሌት ማስረጃ ያህል የታሰቡ እንጂ በመንገዱ ላይ የተለኩ አለመሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

1. ፍሰት

ፍሰት ማለት በመንገዱ ላይ በተመረጠ አንድ ነጥብ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚያልፉት ተሽከርካሪዎች ቍጥር ነው። ለዚህ ሰዓት፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። በ15 ደቂቃ ውስጥ 45 ተሽከርካሪዎች ቢያልፉ ፍሰቱ በሰዓት 180 ነው እንላለን። ይህም ሲባል 180 ተሽከርካሪዎች በእርግጥ አለፉ ማለት አይደለም፤ የዚያ ሩብ ሰዓት አካሄድ ሳይለወጥ ቢቀጥል ኖሮ 180 ያልፉ ነበር ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በገበያ ቀን ትርጕሙ ይገለጣል። ገበያተኛው በሚገባበት ሰዓት በአራቱ ሩብ ሰዓቶች በተከታታይ 30፣ 42፣ 78 እና 50 ተሽከርካሪዎች አለፉ እንበል። የሰዓቱ ድምር 200 ነው። በሦስተኛው ሩብ ሰዓት የነበረው ፍሰት ግን 78 በ4 ተባዝቶ በሰዓት 312 ይሆናል። 200ን ለ312 ብናካፍል 0.64 እናገኛለን። ይህ ቍጥር የከፍተኛው ሰዓት ምጣኔ ይባላል። ትራፊኩ በሰዓቱ ውስጥ እኩል ተከፋፍሎ ቢመጣ ምጣኔው 1 ይሆን ነበር፤ ከ1 እየራቀ በሄደ መጠን ግን ጭንቅንቁ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የተሰበሰበ መሆኑን ያስረዳናል። በመንገዱ ዳር ለሚቆመው ሰው አደገኛዎቹ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፤ የሰዓቱ ድምር ግን ይሸፍናቸዋል።

2. የዓመቱ የዕለት አማካይ

ለመንገድ ሥራ ፕላን ሁልጊዜ የሚጠየቀው ቍጥር የዓመቱ የዕለት አማካይ ትራፊክ ነው። ይኸውም በዓመቱ ውስጥ በአንድ ነጥብ ያለፉት ተሽከርካሪዎች ሁሉ ተደምረው ለዓመቱ ቀኖች ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። ዓመቱን በሙሉ በየመንገዱ ቆሞ መቍጠር ስለማይቻል፣ በተመረጡ ሳምንቶች ተቈጥሮ ዓመቱ ይገመታል። በ1943 ዓ. ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት በዋና ዋና መንገዶች ላይ እንዲህ ያለውን ቈጠራ በዓመት ሦስት ጊዜ ሲያካሂድ ቈይቷል።

አንድ ጊዜ ብቻ መቍጠር ለምን እንደማይበቃ የምዕራብ ጎጃም ሁኔታ በደንብ ያሳየናል። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ በበጋው ወራት በቆሎና ጤፍ የሚያመላልሱት ካሚዮኖች ይበዛሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከገጠር ወደ አውራ ጎዳናው የሚያደርሱት የአፈር መንገዶች ጭቃ ስለሚሆኑ የመኪናው ቍጥር ይቀንሳል። በስምንቱ ደረቅ ወራት በቀን 900፣ በአራቱ የዝናም ወራት በቀን 450 ተሽከርካሪዎች ያልፋሉ ብንል፣ የዓመቱ አማካይ 750 ይሆናል። በበጋ ብቻ የቈጠረ ሰው 150 አብዝቶ ይገምታል፤ በክረምት ብቻ የቈጠረ ደግሞ 300 አሳንሶ ይገምታል። እንደዚሁም ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንቶች የተደረገ ቈጠራ የዚያን ሳምንት ችግር ያሳይ እንደ ሆነ እንጂ የመንገዱን የዘወትር ሥራ ሊያሳይ አይችልም።

በቡሬ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንገዱ ሦስት ክንዶች ስላሉት በአንደኛው ክንድ የተገኘው ቍጥር ለሌሎቹ አያገለግልም። ከፍኖተ ሰላም ከመጡት መኪናዎች ስንቶቹ ወደ እንጅባራ፣ ስንቶቹ ወደ ነቀምት እንደ ዞሩና ስንቶቹ በከተማው እንደ ቀሩ ለማወቅ በሦስቱም በኩል መቍጠር ግዴታ ነው።

ደግሞም የተቈጠሩት ሁሉ እኩል አይደሉም። ስለ ቦታ መጣበብ የሚያጠና ሰው አንዱን ከባድ መኪና እንደ ሁለት ወይም እንደ ሦስት ትንንሽ መኪናዎች አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በዳገት ላይ ከዚያም ይበልጣል። ስለ አስፋልቱ ዕድሜ የሚያጠናው ግን የአክስሉን ጭነት ይመለከታል። እ. ኤ. አ. ከ1958 እስከ 1960 ድረስ በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንደ ታወቀው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያህል ያድጋል። እንግዲህ ምን እንደምንቈጥር የሚወስነው የምንቈጥርበት ምክንያት ነው።

3. ፍጥነት፤ ሁለት ዐይነት አማካይ

ስለ አንድ መኪና ፍጥነት ስንናገር አሳቡ ግልጽ ነው፤ የሄደበት ርቀት ለፈጀው ጊዜ ሲካፈል ፍጥነቱ ይገኛል። ስለ ብዙ ተሽከርካሪዎች አማካይ ፍጥነት ስንናገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ አማካዩ ሁለት ዐይነት ነውና።

አንድ ባጃጅ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ አንድ አውቶቡስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ እንበል። በመንገዱ ዳር ቆመን የሁለቱን ፍጥነት ብንመዘግብና አማካዩን ብንወስድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ይህ በጊዜ የተወሰደ አማካይ ነው። አሁን ደግሞ ሁለቱ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የሚፈጁትን ጊዜ እንቍጠር። ባጃጁ 3 ደቂቃ፣ አውቶቡሱ 1 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ሁለቱ በድምሩ 2 ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ሄዱ ማለት ነው፤ ይህም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ በቦታ የተወሰደ አማካይ ይባላል።

ከሁለቱ ሐሰተኛ የለም፤ ነገር ግን የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። እንግሊዛዊው ዋርድሮፕ እ. ኤ. አ. በ1952 ባወጣው ጽሑፍ የሁለቱን ዝምድና በሒሳብ አስረድቷል። በእርሱ ቀመር መሠረት የመጀመሪያው አማካይ ከሁለተኛው የሚበልጠው ፍጥነቶቹ እርስ በርሳቸው በተራራቁ መጠን ነው። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ቢሄዱ ሁለቱ አማካዮች አንድ በሆኑ ነበር። ጋሪና አውቶቡስ፣ ባጃጅና ተሳቢ በአንድነት በሚሄዱበት እንደ እኛ ባለ መንገድ ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በመንገድ ዳር ቆሞ ብቻ የለካ ሰው መንገዱ ከእውነተኛው ይልቅ የሚፈጥን መስሎ ይታየዋል።

4. ጥግግት

ጥግግት ማለት በአንድ ቅጽበት በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የሚገኙት ተሽከርካሪዎች ቍጥር ነው። ፍሰትን የሚለካ ሰው በአንድ ቦታ ቆሞ ጊዜ ሲያልፍ ይቈጥራል፤ ጥግግትን የሚለካ ግን እንደ አሞራ ከላይ ሆኖ በአንድ ቅጽበት መንገዱን ሁሉ ማየት አለበት። ከላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ካልተገኘ በሦስቱ መካከል ባለው ዝምድና እናሰላዋለን፤

ፍሰት = ጥግግት × ፍጥነት

በዚህ ቀመር ውስጥ የሚገባው ፍጥነት በቦታ የተወሰደው አማካይ ነው። ይህንንም በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ነጥብ በሰዓት 60 ባጃጅና 60 አውቶቡስ ቢያልፉ ፍሰቱ 120 ነው። ባጃጆቹ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስለሚሄዱ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3 ባጃጅ ይገኛል፤ አውቶቡሶቹ በ60 ስለሚሄዱ በኪሎ ሜትር 1 አውቶቡስ ብቻ ይገኛል። የሁለቱ ጥግግት ድምር 4 ነው። 120ን ለ4 ብናካፍል 30 እናገኛለን፤ ይህም ቀደም ብለን ያየነው በቦታ የተወሰደው አማካይ ነው። በ40 ያሰላን እንደ ሆነ ግን በኪሎ ሜትር 3 ተሽከርካሪ ብቻ ያለ ይመስለናል፤ ከአራቱ አንዱ ከሒሳቡ ጠፋብን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው አሳባችን ደርሰናል። በቈጣሪው ወረቀት ላይ ባጃጁና አውቶቡሱ እኩል ናቸው፤ በመንገዱ ላይ ግን ባጃጁ ሦስት እጥፍ ይበዛል። ዝግተኛው መንገደኛ በመንገዱ ላይ ረዥም ጊዜ ይቈያልና።

አሁን በዚሁ ነጥብ በሰዓት 60 እግረኞችም ያልፋሉ እንበል። እግረኛው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 15 እግረኞች ይገኛሉ። በወረቀቱ ላይ እግረኛው ከሦስት አንድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ግን ከ19 መንገደኞች 15ቱ እግረኞች ናቸው፤ ይህም ከመቶ 79 ያህል ነው። የቈጠራው ቅጽ የሞተር ተሽከርካሪዎችን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ እነዚህ 15 ሰዎች ጨርሶ አይታዩም። እርግጥ ነው፣ ሰፊ የእግር መንገድ ባለበት ስፍራ እግረኛው ከመኪናው ፍሰት የተለየ ስለ ሆነ ብቻውን ሊቈጠር ይገባዋል። የመንገዱ ትከሻ በጠበበበት ወይም ዝናም በሸረሸረው ቦታ ግን እግረኛውም አህያውም የሚሄዱት በዚያው አስፋልት ላይ ነው።

5. የጊዜና የቦታ ክፍተት

በሁለት ተከታታይ መኪናዎች መካከል ያለው ክፍተት በጊዜም በርቀትም ይለካል። የጊዜው ክፍተት አማካይ ከፍሰት ይገኛል፤ በሰዓት 120 የሚያልፉ ከሆነ 3600 ሴኮንድ ለ120 ተካፍሎ 30 ሴኮንድ ይሆናል። የቦታው ክፍተት አማካይ ደግሞ ከጥግግት ይገኛል፤ በኪሎ ሜትር 4 ካሉ 250 ሜትር ነው።

ይህ መለኪያ መንገድ ተሻግሮ ገበያ መግባት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ነው። 7 ሜትር የሚሰፋውን አስፋልት በሴኮንድ 1 ሜትር የምትራመድ አሮጊት ለመሻገር 7 ሴኮንድ ያስፈልጋታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ7 ሴኮንድ ውስጥ 117 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ መኪናው ቢያንስ ከዚህ ርቀት በላይ ካልራቀ በስተቀር መሻገር አይገባትም ማለት ነው።

አማካይ ክፍተቱ 30 ሴኮንድ ነው ብሎ መሻገሪያው በቂ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በዳገት ላይ አንድ ጭነት የበዛበት ካሚዮን ሲያዘግም ከኋላው ሌሎች ይሰለፋሉ። ስድስት ስድስት ሆነው በየ3 ደቂቃው ቢመጡ ፍሰቱ ያው በሰዓት 120 ነው፤ ነገር ግን በአንዱ ሰልፍና በሌላው መካከል ረዥም ጸጥታ ሲኖር፣ በሰልፉ ውስጥ ክፍተቱ ሁለትና ሦስት ሴኮንድ ብቻ ይሆናል። ይህ ለተሻጋሪው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ለመቅደም ለሚቸኵለው ሾፌር ግን ፈተና ነው። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን፣ ከ7 ሴኮንድ የሚበልጡት ክፍተቶች ከጠቅላላው ስንት እንደ ሆኑ መመዝገብ ይሻላል።

6. የመንገድ ዐቅም

መንገድ የሚያሳልፈው ፍሰት ወሰን አለው፤ ያም የመንገዱ ዐቅም ይባላል። አሜሪካዊው ግሪንሺልድስ በኦሃዮ ግዛት መኪናዎችን በፎቶግራፍ እያነሣ አጥንቶ እ. ኤ. አ. በ1935 ባወጣው ጽሑፍ ጥግግት ሲጨምር ፍጥነት በቀጥታ መሥመር ይቀንሳል አለ። ባዶ መንገድ ላይ ፍጥነቱ 60፣ መኪናዎቹ ተጣበው በቆሙ ጊዜ ደግሞ ጥግግቱ በኪሎ ሜትር 100 ነው ብንል፣ ከፍተኛው ፍሰት የሚገኘው በመካከሉ ነው፤ ፍጥነቱ 30፣ ጥግግቱ 50፣ ፍሰቱም በሰዓት 1500 ሲሆን። ከዚያ በኋላ መኪና በተጨመረ ቍጥር የሚያልፈው ያንሳል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ፍሰት ብቻውን የመንገዱን ሁኔታ እንደማይገልጽ ነው። አነስተኛ ፍሰት ማለት መንገዱ ባዶ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ተዘግቷል ማለትም ሊሆን ይችላል። በከተማ መካከል አውቶቡሶች ተሳፋሪ ሲያወርዱና ጋሪዎች ሲዞሩ በሰዓት ጥቂት መኪና ብቻ አለፈ ብሎ የመዘገበ ሰው፣ ፍጥነቱን ካልጨመረበት አንባቢውን ያሳስታል።

7. እየሄዱ መቍጠር

በብዙ ነጥቦች ቆሞ ለመቍጠር ሰው የሚያጥረው ተማሪ የሚረዳበት ሌላ ዘዴ አለ። ዋርድሮፕና ቻርልስዎርዝ እ. ኤ. አ. በ1954 ያቀረቡት ይህ ዘዴ የሚፈልገው አንድ መኪናና ሁለት ቈጣሪዎች ብቻ ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣውን ፍሰት ለማወቅ እንፈልጋለን እንበል። መጀመሪያ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በ30 ደቂቃ ስንሄድ 58 መኪናዎች ከፊታችን መጥተው አለፉን። ከዚያም በ30 ደቂቃ ስንመለስ 6 መኪናዎች ቀደሙን፤ እኛ ደግሞ 4 ቀደምን፤ ልዩነቱ 2 ነው። 58ና 2 ተደምረው 60 ይሆናሉ፤ ይህም ለጠቅላላው 60 ደቂቃ ሲካፈል ፍሰቱ በደቂቃ 1፣ ወይም በሰዓት 60 ነው። አማካይ የጕዞ ጊዜውም ከመመለሻችን 30 ደቂቃ ላይ 2 ደቂቃ ተቀንሶ 28 ደቂቃ ይሆናል። ርቀቱን 25 ኪሎ ሜትር ብናደርገው፣ በቦታ የተወሰደው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥግግቱም 60 ለ54 ተካፍሎ በኪሎ ሜትር ከ1 ጥቂት ይበልጣል። እንዲህ በአንድ ደርሶ መልስ ጕዞ ሦስቱንም መለኪያዎች አገኘን። እርግጥ ነው አንድ ጕዞ አይበቃም፤ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው ፍሰት፣ ፍጥነትና ጥግግት አንዱ ከሌላው ጋር የተሳሰሩ ሲሆኑ፣ አንዱ ግን የሌላውን ቦታ ሊይዝ አይችልም። የዓመቱ የዕለት አማካይ አስፋልቱ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል፤ የመንገዱ ትከሻ ምን ያህል መስፋት እንዳለበትና እግረኛው የት እንደሚሻገር ግን ብቻውን አይነግረንም። በአገራችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች መካከል እግረኞች ከፍተኛውን ድርሻ ስለሚይዙ፣ ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራቸው ለሚሄዱ ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ አለ። ቈጠራ ስታደርጉ በየ15 ደቂቃው መዝግቡ፤ ሁለቱን አቅጣጫ ለዩ፤ በገበያ ቀንና በሌላ ቀን ቍጠሩ፤ ከመኪናው ጋር ጋሪውን፣ አህያውንና እግረኛውን ጻፉ፤ ፍጥነቱንም የተወሰነ ርቀት ለመሄድ በሚፈጀው ጊዜ ለኩ። መምህራኖቻችንም የቈጠራውን ቅጽ አይተው ቢያርሙልን ሥራው የተሻለ ይሆናል።

ከመካከላችን በዚህ አገር ያደግን ሰዎች እናቶቻችን እህል ተሸክመው በአስፋልቱ ጠርዝ ሲሄዱ፣ መኪና በመጣ ቍጥር ወደ ቦዩ ሲወርዱ አይተናል። ከቤት እስከ ገበያ ሁለት ሰዓት የሚሄዱ እነዚህ ሰዎች ከማንም ይልቅ በመንገዱ ላይ ብዙ ጊዜ ያሳልፋሉ። በሚመጣው ቈጠራ ለእነርሱም አንድ ዓምድ ይከፈትላቸው።